ከጋዜጣው የዘለልኩት አንቀጽ

እንግሊዝኛ ማንበብ ያስተማሩኝ ዓይናቸው የማያይ ሽማግሌ ናቸው። የእኔ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እናቴ ስትታመም ለአንድ ወር ብዬ ቤት ቀረሁ፤ ወሩ አላለቀም። አሜሪካ ስገባ ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሉ ግን አብዛኛውን አላውቅም ነበር።

ሥራውን ያገኘችልኝ አክስቴ ናት። እሷ ሳን ሆዜ ትኖራለች፤ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ በቤተ ክርስቲያኗም ዘማሪ ናት፣ ሰው ታውቃለች። አንድ ቀን ደወለችልኝ።

"ሊቭ ኢን ነው፣ እዚያው እያደርሽ። ኦክላንድ፣ ተራራው ላይ። ሽማግሌው ዘጠና ሊሞላቸው ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ማውንቴን ቪው ነው የምትሠራው፣ እሑድ እሑድ ነው የምትመጣው። ዝምተኛ ሰው ነው የሚፈልጉት።"

"እንግሊዝኛዬስ?"

"ዝምተኛ አልኩሽ እኮ! በየትኛው ቋንቋ ዝም እንደምትዪ ማን ይጠይቅሻል?"

ሄድኩ። ዝምታዬ ሥራ ሲያስገኝልኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ቤቱ ከመንገዱ ከፍ ብሎ ነው የተሠራው። ከሳሎኑ መስኮት ባሕሩና ድልድዩ ይታያል። ሽማግሌው አያዩትም፤ እኔም ከሦስተኛው ቀን በኋላ ማየት ተውኩት። በሩ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር ተለጥፋለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ድምፅ ታሰማለች፣ ማውንቴን ቪው ያለው የልጃቸው ስልክም አብሮ ይጮኻል። እኔ ከመምጣቴ በፊት ሽማግሌው ብቻቸውን ወጥተው ከደረጃ ወድቀው ስለነበር ነው ያስገጠመችው። የታሰበው ለእሳቸው ነው። ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ግን የሚጠራው የእኔ ስልክ ነው። "ሃይ ስዊቲ፣ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?" ትለኛለች። ቆሻሻ ነው እላለሁ። ቆይቼ ቆሻሻውን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መጣል ጀመርኩ፤ ከዚያ በሁለት ቀን። አየር ሲያምረኝ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሜ በትንሿ መስኮት ፊቴን አወጣ ነበር።

እሑድ ልጃቸው ስትመጣ ጥቂት ሰዓት ዕረፍት አለኝ። በባቡር ወደ አክስቴ እሄዳለሁ፤ መሄጃና መመለሻው ግማሹን ይበላዋል።

ሽማግሌውን "ጋሼ" ነው የምላቸው። በስማቸው እንድጠራቸው ለምነውኝ ነበር፣ ከአፌ አልወጣ አለ። የጋሼን ትርጉም ስነግራቸው ወደዱት። ልጃቸው ስትደውል ሁሉ "ጋሼ ነኝ" እያሉ ስልክ ማንሳት ጀመሩ።

የተወለዱት ስኮትላንድ ነው፤ ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ነው ወደ ካሊፎርኒያ ያመጧቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። መጀመሪያ ቀን ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ከወንበራቸው ቀና አሉ።

"ኢትዮጵያ! ታዲያ ትሮጫለሽ።"

"አልሮጥም።"

"ትንሽም?"

"አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል።"

"ትደርሺበታለሽ?"

"አይ።"

ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መርጠው የማትሮጠዋን ላኩልኝ!"

በዚያ ሳቅ ምክንያት ትንሽ ደፈርኳቸው።

ጋሼ ለብዙ ዓመታት መጽሐፍ ሲጽፉ ነበር። መጽሐፉ ስለ ስኮትላንድ የመጀመሪያዎቹ የአማተር አትሌቲክስ ሻምፒዮናዎች ነው። መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሰባት ካርቶን ወረቀት አለ። ስኮትላንድ ያሉ አንድ ወዳጃቸው፣ እሳቸውም ሽማግሌ፣ ከቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጣ ኮፒ እያደረጉ የላኩላቸው ነው። የጋሼ ዓይን ሲጠፋ መጽሐፉ ቆመ። ልጃቸው በስልክ የሚያነብ አፕ አስገብታላቸው ነበር፤ የጋዜጣው ቀለም የተጨማለቀ ስለሆነ ስልኩ የሌለ ቃል እየፈጠረ ያነባል። እኔ ፊት አንድ ቀን አስከፈቱት። ትንሽ ሰሙትና "ይህ ሰካራም ነው፣ ዝጊው" አሉኝ። ቀጥለው ጠየቁኝ፦

"አንቺስ ታነቢያለሽ?"

"ፊደሉን ብቻ።"

"ፊደሉን ጥሪልኝ። ቃሉን እኔ እሠራዋለሁ።"

እንዲህ ጀመርን። እኔ ፊደሉን አንድ በአንድ እጠራለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰበስቡና ቃሉን ይናገራሉ፣ እኔ እደግመዋለሁ፣ ትርጉሙን ያስረዱኛል። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ አልጨረስንም። በሦስተኛው ወር ግን "ዝናብ"፣ "ሜዳ"፣ "አሸነፈ" የሚሉትን ሳልቆጥር አውቃቸው ነበር። እሳቸው ሲናገሩ በደብተር መጻፍም ጀመርኩ። ስሳሳት ልጃቸው እሑድ በኮምፒውተር ታስተካክለዋለች። እንደ እሳቸው ያለ ታጋሽ አስተማሪ አላየሁም። የሚቆጡት አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር፤ ያልገባኝን ቃል አጉረምርሜ ላልፍ ስል። "አትዋጪው!" ይላሉ። "ወደ ውጭ ትፊውና አብረን እንየው።"

ከዚያ ካርቶን ውስጥ የማላውቀው አገር ወጣ። ድሮ በስኮትላንድ መንደሮች በበጋ ጨዋታ ነበር። እረኛው፣ አንጥረኛው፣ ድንጋይ ጠራቢው ይሮጣል፣ መዶሻ ይወረውራል፣ ያሸነፈው ገንዘብ ይቀበላል። በከተማ ደግሞ ሰው ለውርርድ ይሮጥ ነበር፤ ሯጩ ስሙን ይቀይራል፣ ሲከፈለው ሆን ብሎ ይሸነፋል። በኋላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የክለብ ልጆች "እኛ ለሩጫው ስንል ብቻ እንሮጣለን" ብለው ማኅበር አቋቋሙ፣ ኤዲንብራ ላይም የአገሩን የመጀመሪያ የአማተር ሻምፒዮና አደረጉ። ጋሼ እዚያ የነበሩ ይመስል ነበር የሚያወሩት። የሯጮቹ ሱሪ እስከ ጉልበት፣ እጅጌያቸው እስከ ክርን ነበር። የመዶሻው እጀታ እንጨት ነበር። መሰናክሉ እንደ በረት አጥር የከበደ ነው፤ ሰው ሲነካው አጥሩ ቆሞ ሰውየው ይወድቃል። ደንቡ ደግሞ በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ ሮጦ ገንዘብ የተቀበለ ሰው እዚያ ሜዳ አይገባም የሚል ነው። አማተር ማለት ምንም ያልተቀበለ ማለት ነው አሉኝ።

እኔ ጥያቄ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን አመለጠኝ።

"ድሃውስ?"

"ምን ድሃው?"

"ድሃው ሯጭ። የባቡሩን ከየት ያመጣል? የዕለት ሥራውን ጥሎ ሲመጣስ?"

ጋሼ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ይህን ያህል ተማሪ ሳስተምር ኖሬ ይህን የጠየቀኝ የለም" አሉ። "መጽሐፉ በሙሉ ስለ እሱ ነው። ድሃው አያቴ ነው።"

አያታቸው የአናጢ ልጅ፣ ራሱም አናጢ ነበር። ከእነዚያ ተማሪዎችና የባለጸጋ ልጆች መካከል ገብቶ፣ በተዋሰው ጫማ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሻምፒዮናዎች በአንዱ የአንድ ማይሉን ሩጫ አሸነፈ። በመንደር ጨዋታ ገንዘብ ቢያሳዩት እንኳ አልነካም ያለ ሰው ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ ጉልበቱ ተጎዳና ዳግመኛ አልሮጠም። ሜዳሊያው ቤተሰቡ ባሕር ሲሻገር ውኃ ውስጥ ወደቀ። ይህን ለጋሼ የነገሯቸው አባታቸው ናቸው፣ ጋሼም ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ይህንኑ ሲነግሩ ኖረዋል። መጽሐፉ ውስጥ የቀረው የእሱ ምዕራፍ ብቻ ነበር። ልጃቸው ለዘጠናኛ ልደታቸው መጽሐፉን አሳትማ ለዘመድና ለድሮ ተማሪዎቻቸው ልታድል፣ ስኮትላንድ ላሉት ወዳጅም ልትልክ ቃል ገብታለች። ወዳጅየው እያንዳንዱን ቃል ከጋዜጣ ጋር የሚያመሳክሩ ሰው ናቸው። ጋሼ የሳቸውን ያህል የሚፈሩት ሰው አልነበረም።

አንቀጹን ያገኘሁት አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። ገጹ ግርጌ ላይ የጋሼን የቤተሰብ ስም አየሁ። አጠገቡ ሦስት የማውቃቸው ቃላት ነበሩ፦ "ገንዘብ"፣ "በሐሰት ስም"፣ "ተሰረዘ"። ሦስቱንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

"ቀጥሎስ?" አሉ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

"አልቋል።"

"በምን አለቀ?"

"በመዶሻ ውርወራው።"

"እህ" አሉና ውኃ ጠየቁኝ።

ሲያሸልቡ ገጹን ወደ ክፍሌ ወስጄ ቃል በቃል በስልኬ አስተረጎምኩት። አናጢው ከሻምፒዮናው ሁለት ዓመት በፊት በአንድ መንደር ጨዋታ ላይ በሌላ ሰው ስም ሮጦ አንድ ፓውንድ ተቀብሏል። ይህ በዳኞቹ ኮሚቴ ፊት ተረጋግጧል። ስለዚህ ከአሸናፊዎች ዝርዝር ተሰርዟል፣ ሜዳሊያውን እንዲመልስ ታዟል፣ ድሉም ሁለተኛ ለወጣው ተሰጥቷል። ሜዳሊያው ባሕር አልገባም። ጉልበቱም ደህና ነበር።

ገጹን ከፍራሼ ሥር አስገባሁት።

ለምን እንዲህ አደረግሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከእኛ አገር ከሆነ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በር ላይ ተጥሎ አይኬድም። መርዶ ቀን ይፈለግለታል። ሰውየው ይብላ፣ ይተኛ፣ ፈተና ካለበት ይፈተን፣ መንገድ ካለበት ይግባ ይባላል። ከዚያ ትልቅ ሰው ተይዞ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ይነገራል። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ እንደወትሮው ፊት ለብሶ ይጠብቃል። እኔም ቀን እስካገኝለት ነው ያልኩት። ጽሑፉ ላይ ያለው ሰው ከሞተ የቆየ መሆኑ ትዝ አላለኝም። ጋሼ ግን በየቀኑ ስለ እሱ ያወሩ ነበር፤ ለእኔ ገና መሞቱ ነበር።

ቀኑ አልመጣም። በማግስቱ "አሁን ደብተሩን አምጪ፣ የአያቴን ምዕራፍ እንጀምር" አሉኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስለ ጉልበቱ ጻፍኩ። ሜዳሊያው ስለወደቀበት ባሕር ጻፍኩ፤ ማዕበሉን ሳይቀር ጨመሩበት፣ እሱንም ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቀን አንቀጽ መዝለሌ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ውሸቱ በራሴ እጅ ጽሑፍ እየረዘመ ሄደ። ዛሬ ብናገር ትናንት ለምን ጻፍሽው ይሉኛል፣ ነገ ብናገር ደግሞ የዛሬውም ይጨመርበታል። አንድ ጊዜ አረፍተ ነገሩን አቋርጠው "'ንጹሕ' ይሻላል ወይስ 'ሐቀኛ'?" ብለው ጠየቁኝ። "ሁለቱም ጥሩ ነው" አልኩ። "ሁለቱንም ጻፊ" አሉ።

አንሶላዬን ራሴ ብቻ እንድቀይር አደረግኩ፤ ልጃቸው እሑድ ልታግዘኝ ስትገባ እየተሽቀዳደምኩ። ምግብ አልወርድልኝ አለ። ድሮ በሩ ያስፈራኝ ነበር፣ አሁን ጋሼ አጠገብ የማነብበትን ወንበር ፈራሁት። ሰባት ሳምንት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ያንን ወንበር ከመጠጋቴ በፊት የታጠበ ዕቃ ደግሜ አጥብ ነበር። በመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ፊቴን ሳወጣ እንኳ አየሩ አልገባልኝ አለ።

ከዚያ ልጃቸው ደወለች። "ቅዳሜ ሥራ የለኝም" አለችኝ። "እስከዚያ ምዕራፉን ጨርሱት፤ ደብተሩን መጥቼ እወስዳለሁ፣ በሰኞው ማተሚያ ቤት ይገባል።"

ከዚያች ቅዳሜ በፊት አንድ እሑድ ነበረኝ። አክስቴ እንደልማዷ ሚልፒታስ ባቡር ጣቢያ በመኪና ጠበቀችኝ። መኪናው ሳይነሳ ሁሉንም ነገርኳት። በመሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

"መቶ ምናምን ዓመት የሆነው ሬሳ ነው እንዲህ ያከሳሽ? እኔ ደግሞ ባል አገኘች ብዬ!"

"አክስቴ፣ የምሬን ነው።"

"የምርሽን ከሆነ ስሚኝ። ገጹን ቅደጂውና ሥራሽን ሴቭ አድርጊ። ማን ያውቃል?"

"ስኮትላንድ ያሉት ሰውዬ ያውቃሉ። ጋዜጣውን ሁሉ ያመሳክራሉ። መጽሐፉን እንዳነበቡ ይጽፉላቸዋል። ያኔ ያን ሁሉ ሰው ፊት ነው የሚያፍሩት።"

"እስኪጽፉላቸው ድረስማ..." አለችና እጇን ወደ ሰማይ አወዛወዘች። "እግዜር ይቅር ይበለኝ። ለእሳቸው ደስታ ብለሽ እኮ ነው። ምን አጠፋሽ?"

"ሹራቡስ?" አልኳት።

ምን ማለቴ እንደሆነ ገባት፤ ሳቋ ቆመ። አባቴ የሞተው እኔ አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። ለአምስት ወር አልተነገረኝም። ስደውል ወንድሜ አንዴ ማሳ ሄዷል፣ አንዴ ጠበል ሄዷል፣ አንዴ ጆሮው ለስልክ ደክሟል ይለኝ ነበር። በመጀመሪያው ደሞዜ ለአባቴ ሹራብ ገዝቼ በሰው እጅ ላክሁ። ደርሶት እንደሆነ ስጠይቅ ወንድሜ "ልክ ሆኖለታል" አለኝ። በኋላ አክስቴ ከስድስት ሴቶች ጋር በማለዳ መጥታ አረዳችኝ። ለአባቴ አለቀስኩ፣ ወጣልኝም። ያ "ልክ ሆኖለታል" ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

"ለአንቺ ብለን ነው" አለች አክስቴ ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ። እኔም ለእሳቸው ብዬ ነው።"

ከኋላችን መኪና ጥሩምባ ነፋብን። አክስቴ አልተንቀሳቀሰችም።

"በጠዋት ንገሪያቸው" አለች። "ግን ቁርስ ይብሉ መጀመሪያ። በባዶ ሆድ አይነገርም።"

ሰኞ አልቻልኩም። ማክሰኞም አልቻልኩም። ረቡዕ ጠዋት የአጃ ገንፎአቸውን በሉ፣ ሻያቸውን ጠጡ። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ ተቀመጥኩና እጄን እጃቸው ላይ አደረግኩ። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፤ እንዲህ ግን ነክቻቸው አላውቅም።

"ማን ሞተ?" አሉ ወዲያው።

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን እንደ ቄስ ትቀመጫለሽ?"

"ከጋዜጣው የዘለልኩት አለ፣ ጋሼ።"

አነበብኩላቸው። ስጨርስ "እንደገና" አሉ። ደገምኩ። "ስሙን በፊደል ጥሪልኝ።" ፊደል በፊደል ጠራሁላቸው። የመጨረሻው ፊደል ላይ ከንፈራቸው አብሮኝ ተንቀሳቀሰ።

"መቼ አገኘሽው?"

"ሰባት ሳምንት ሆነኝ።"

"ስለ ጉልበቱ ሳስጽፍሽ ታውቂ ነበር።"

"አዎ።"

"ስለ ባሕሩም።"

"አዎ።"

"ምን ብለሽ ነው? ሽማግሌው ይሙትና እንገላገል?"

"አይደለም ጋሼ! ቀን እየፈለግኩለት ነበር።"

"ቀን!" እጃቸውን ከእጄ ሥር መነጨቁ። "እኔ ስንት ቀን እንደቀረኝ ታውቂያለሽ? ከሱ ላይ ሰባት ሳምንት ወስደሽ የውሸት ምዕራፍ አስጻፍሽኝ። አያቴ መዋሸቱ የራሱ ጉዳይ ነው። አንቺ ግን ዓይኔ ነበርሽ።" ከዚያ በጣም ቀስ ብለው "ውጪልኝ" አሉኝ።

ወጣሁ። የት እንደምሄድ ግን አላወቅኩም። በሩን ብከፍት ማውንቴን ቪው ድረስ ይሰማል። ወጥ ቤት ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ጋሼ ትልልቅ ቁልፍ ያለውን ስልካቸውን ሲነኩ ሰማሁ። "ነይ" ብቻ ነው ያሉት።

ልጃቸው ወደ እኩለ ቀን ደረሰች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወጥ ቤት ቆማ ገጹን አነበበችው፤ እኔ በወራት የምደርስበትን በአንድ ትንፋሽ። ስትጨርስ ዓይኗ ውኃ ሞልቶ ነበር።

"ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሁለታችን ዝም እንል ነበር።"

ገጹን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ስሚ ስዊቲ። አንቺ ገና ማንበብ እየለመድሽ ነው፣ አይደል? ኮፒውም ደብዛዛ ነው። ተሳስቻለሁ፣ የሌላ ሰው ስም ነው በያቸው። ያምኑሻል። እኔም አይቼው አይነበብም እላለሁ። ለስኮትላንዱ ሰውዬ መጽሐፍ አንልክም። ልደታቸውን በሰላም ያክብሩ። ማንም አይቆጣሽም።"

ክፉ ሴት አይደለችም። ሰባት ሳምንት እኔ ያደረግኩትን ነው ልታደርግ የፈለገችው። የነገረችኝ መንገድ ደግሞ ቀላል ነበር። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ተሳሳተች ቢባል ማን ይጠራጠራል? እኔ ራሴ ዕድሜዬን በሙሉ "አላውቅም" እያልኩ ከስንት ነገር ሸሽቼበታለሁ። አንድ ጊዜ ደግሜ እንዲያ ብል ሥራዬም ይተርፍልኛል፣ ጋሼም አያታቸው ይመለስላቸዋል። ከዚያ በኋላ እኔና ልጃቸው በእሳቸው ዙሪያ እንደወትሮው ፊት ለብሰን እንዞራለን። ወንድሜ በስልክ ያ ፊት እንዴት ይከብደው እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

"ሁለታችሁም ኑ!" ብለው ተጣሩ ጋሼ።

ገባን። ልጃቸው አልጋቸው አጠገብ ቆመች። "ዳዲ፣" አለች፣ "እሷ ምናልባት ስታነብ ተሳስታ..." አለችና ወደ እኔ ዞራ ጠበቀችኝ።

"አልተሳሳትኩም" አልኩ።

ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት። "አልተሳሳትኩም። በትክክል ነው ያነበብኩት። ስሙ የአያትዎ ነው። ገንዘቡን ተቀብለዋል። ልጅዎም አሁን አንብባዋለች።"

ልጃቸው ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እንደዚያ ዓይን ለዓይን ያየሁት ሰው ብዙ የለም፤ አንገቴን ልደፋ ብዬ አልደፋሁም። በመጨረሻ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ይነበባል፣ ዳዲ" አለች።

ጋሼ "አንድ ፓውንድ" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ተቀብሎም ጫማ አልገዛበትም።" እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ከፊታቸው አልለይ አለኝ።

ቅዳሜ የሄደ ደብተር የለም። ልደታቸው በኬክና በጥቂት ዘመድ አለፈ፤ ሰዎቹ ስለ መጽሐፉ ሲጠይቁ ጋሼ "ገና ነው" እያሉ መለሱ። ልጃቸው ከዚያ ወዲህ ስዊቲ አትለኝም፤ በስሜ ነው የምትጠራኝ። ለመባረር ልብሴን በሻንጣ አድርጌ ነበር። አልተባረርኩም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አልተባልኩም።

ጋሼ የአያታቸውን ምዕራፍ እንደ አዲስ ሊያስጽፉኝ ይፈልጋሉ፣ ግን መጀመሪያ ሰባቱንም ካርቶን ከመጀመሪያው ገጽ እንድደግምላቸው አዘዙኝ። "ሌላ ምን እንደዘለልሽ በምን አውቃለሁ?" አሉ። ሌላ እንዳልዘለልኩ ማልኩላቸው። "አንብቢ" አሉኝ። የሩጫውን ብቻ ሳይሆን የገበያውን፣ የመርከቡን፣ የጠፋውን ውሻ ሁሉ አነባለሁ። አሁን ሦስተኛው ካርቶን ላይ ነን። እያንዳንዱ ገጽ ሲያልቅ "ይኸው ነው?" ይሉኛል። "ይኸው ነው" እላለሁ። ውኃም አይጠይቁ፣ ቀጥዪም አይሉ፤ ፊታቸውን ወደ እኔ እንዳዞሩ ትንፋሼን እያዳመጡ ትንሽ ይቆያሉ። እኔም ወረቀቱን ይዤ እጠብቃለሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ቆይታ የሚጠበኝ ቦታ የለም። ከዚያ ጣታቸውን ብድግ ያደርጋሉ፣ ቀጣዩን ገጽ አነሳለሁ። የሳል መድኃኒት ማስታወቂያ ብቻ ያለበት ገጽ ላይ እንኳ እንዲሁ ይቆያሉ።